ለልውውጥ ተማሪዎች የሚመደብ ባዲ፦ የትኛው አሠራር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ኢራስመስ ፕላስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ ሴሚስተር ወደ አውሮፓ እንድሄድ ተመርጫለሁ፤ ዩኒቨርሲቲውን ከቀረቡልኝ አማራጮች መካከል ገና አልወሰንኩም። የማመልከቻው ቅጽ «ባዲ እንዲመደብልዎ ይፈልጋሉ?» ይላል፤ ባዲ የሚሉት አዲስ ገቢውን ተቀብሎ የሚያግዝ ነባር ተማሪን ነው። ከዚህ ሌላ የተማሪዎች ማኅበራት የራሳቸው ፕሮግራም እንዳላቸው፣ በቴሌግራምም የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቡድኖች እንዳሉ ሰምቻለሁ። በእርግጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው?

ጥቆማ፦ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት። በቅጹ ላይ ያለውን ጥያቄ ሳያመነቱ «አዎ» ብለው ይሙሉት፤ ምዝገባው ብዙውን ጊዜ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ፣ ቆይቼ አስብበታለሁ ያለ ሰው ያለ ረዳት ሊቀር ይችላል። ፕሮግራሞቹን ሳወዳድር እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው፣ ባዲው የተሰጠውን ኃላፊነት ባይወጣ የሚጠይቀው አካል መኖር አለመኖሩን ነው። ደግ ሰው በየትኛውም አገር ይገኛል፤ ሌሊት ላይ ሻንጣ ይዞ ለሚደርስ እንግዳ ግን የሚያስፈልገው በቀጠሮው ቦታ መቆም ግዴታው የሆነ ሰው ነው።

በዚህ መለኪያ የፊንላንድን አሠራር አስቀድማለሁ። በዚያ አገር ባዲው ቱተር ይባላል። ቱተሩ በዩኒቨርሲቲው ወይም በተማሪዎች ኅብረቱ ተመርጦ ሥልጠና ይወስዳል፣ ጥቂት አዲስ ተማሪዎችን በኃላፊነት ይረከባል፣ ለድካሙም እንደየተቋሙ የትምህርት ክሬዲት ወይም አነስተኛ ክፍያ ያገኛል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚደረጉ በረራዎች በአብዛኛው እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነስተው ማለዳ የሚያርፉ ሲሆን፣ ፊንላንድ ለመድረስ በዚያ ላይ ሌላ በረራ ይጨመርበታል። እንደ ሄልሲንኪው ሆአስ ያሉ የተማሪ ቤት አከራዮች ቢሮ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ስለሆነ፣ ዓርብ ማታ የደረሰ ተማሪ ቁልፍ የሚረከብለት ሰው ካላገኘ እስከ ሰኞ ድረስ የሆቴል ወጪ ይጠብቀዋል። ተማሪው በላከው የውክልና ደብዳቤ ቁልፉን አስቀድሞ ተረክቦ መጠበቅ ደግሞ ከቱተሮች የተለመዱ ሥራዎች አንዱ ነው። የተማሪ ክፍል ብዙ ጊዜ ያለ ዕቃ ስለሚሰጥ፣ በአንዳንድ የፊንላንድ ከተሞች ድስት፣ ሳህን፣ ትራስና ብርድ ልብስ የያዘ ጥቅል ለልውውጥ ተማሪዎች ይከራያል፤ በተለይ በጥር ወር የሚገቡ ከሆነ ይህ መኖሩን ከመነሳትዎ በፊት ቱተሩን ይጠይቁት። የዚህ አሠራር ድክመት ሥራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ማተኮሩ ነው። ከዚያ በኋላ ቱተሩ ራሱ ደውሎ እንዲጠይቅዎ አይጠብቁ፤ ፊንላንዳውያን ዝም ሲሉ የተቀየሙ ይመስላሉ እንጂ አይደለም፣ ደፍሮ የጠየቀ ሰው መልሱን ያገኛል።

ስዊድን ከሆነ ምርጫዎ፣ ኡፕሳላና ሉንድ በተማሪ ሕይወት የሚወዳደራቸው የለም። በሁለቱም ከተሞች ኔሽን የሚባሉ፣ ታሪካቸው ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን የሚመለስ የተማሪ ማኅበራት ያሉ ሲሆን፣ ቁጥራቸውም በእያንዳንዱ ከተማ 13 ነው። የልውውጥ ተማሪ አባል መሆን ይችላል፤ በርካሽ ምሳ ይበላል፣ በመዘምራን ወይም በስፖርት ቡድን ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በወጥ ቤት ወይም በካፌ በፈቃደኝነት ሲያገለግል ከስዊድናውያን ጋር በቅርብ ይተዋወቃል። ነገር ግን በስዊድን ከአንድ ዓመት በታች የሚቆይ ሰው በሕዝብ መዝገብ የሚሰጠውን የግል ቁጥር አያገኝም፤ ያለ እሱ ደግሞ የባንክ ሒሳብ መክፈትና ብዙ አገልግሎቶችን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አገሬው ባዲ ቁጥሩን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይዞት ያደገ በመሆኑ ችግሩ ላይታየው ይችላል። ስለዚህ ቅጹ አስተያየት የሚጽፉበት ቦታ ካለው፣ ራሱ ከውጭ የመጣ ነባር ተማሪ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ።

የጀርመን ጉዳይ የወረቀት ጉዳይ ነው። ወደ ቤትዎ በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ የመኖሪያ አድራሻዎን በከተማው መዝገብ ማስመዝገብ ይኖርብዎታል፤ ለዚህም ቤት አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የጤና መድን ጉዳይ ካልተጠናቀቀም የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ አይሳካም። ብዙም ሳይቆይ ለሕዝብ ራዲዮና ቴሌቪዥን በየቤቱ በወር 18.36 ዩሮ የሚጠይቅ ደብዳቤ በጀርመንኛ ይደርሳል፤ ይህን ማጭበርበሪያ ነው ብሎ የሚጥለው አዲስ ገቢ ጥቂት አይደለም። በጀርመን ስለዚህ እኔ የምመርጠው ቀልደኛና ተጫዋች ባዲ ሳይሆን ደብዳቤ ቁጭ ብሎ የሚያነብልኝን ነው። የዩኒቨርሲቲው የውጭ ግንኙነት ቢሮ ከሚመድበው ባዲ በተጨማሪ፣ የተማሪ ማደሪያዎችን የሚያስተዳድሩት ሽቱዲረንደንቬርክ የተባሉት ተቋማት በብዙ ማደሪያዎች ውስጥ ነዋሪ ተማሪዎችን በረዳትነት ይመድባሉ። በሩ ሁለት ፎቅ ላይ ያለ ረዳት ከተማውን አቋርጦ ከሚመጣ ባዲ ይበልጣልና፣ ማደሪያ ካገኙ ይህን ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይተዋወቁት።



በየአገሩ የሚያገኙት ሌላው አማራጭ ኢራስመስ ስቱደንት ኔትወርክ፣ በአጭሩ ኢኤስኤን የተባለው የተማሪዎች ማኅበር ነው። የኢራስመስ ፕሮግራም በ1987 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ በኔዘርላንድ ዩትሬክት ከተማ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዛሬ ከ40 በሚበልጡ አገሮች ከ500 በላይ ቅርንጫፎች አሉት። ሥራውን የሚያካሂዱት በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ስለሆኑ ጥራቱ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ በአንዱ ከተማ ከባቡር ጣቢያ ተቀብለው ቤት የሚያደርሱ ወጣቶች ሲኖሩ፣ በሌላው ከዝግጅት ማስታወቂያ ያለፈ ነገር ላያገኙ ይችላሉ። በጥር መጨረሻና በየካቲት ብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ወቅት ላይ በመሆናቸው፣ በዚያን ጊዜ የሚገባ ተማሪ ፈቃደኞቹን በጥናት ተጠምደው ያገኛቸዋል። ለጉዞ፣ ለቋንቋ ልምምድና ለቅናሽ ካርዱ ሲሉ ይመዝገቡ፤ ለቢሮ ጉዳይ ግን ብቻውን አይበቃም። ዝግጅቶቹ ብዙዎቹ የምሽት ግብዣዎች ናቸው። የማይጠጡ ከሆነ ወይም የሁለተኛው ሴሚስተር ከዐቢይ ጾም ጋር የሚገጥምብዎ ከሆነ፣ የእግር ጉዞዎችንና እያንዳንዱ የአገሩን ምግብ ይዞ የሚመጣባቸውን የእራት ምሽቶች ይምረጡ፤ ሽሮና ምስር ወጥ በዚያ ገበታ ላይ ከሥጋው ቀድመው ያልቃሉ።

የአገራችን ልጆች የቴሌግራም ቡድን ጤፍ የሚሸጥበትን ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ ርካሹን የስልክ ካርድ ከማንም በላይ ያውቃል። ስለ መኖሪያ ፈቃድ ሲሆን ግን ጥንቃቄ ይገባል፤ ምክሩን የሚሰጠው ሰው የገባው ከዓመታት በፊት በነበረ ደንብ ሊሆን ስለሚችል፣ የሰሙትን ሁሉ በዩኒቨርሲቲው ቢሮ ያረጋግጡ።

የትኛውንም ባዲ ቢያገኙ አስቀድመው የሚነግሩት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የስማችን አጻጻፍ ነው። የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሊወሰድ ስለሚችል፣ ዩኒቨርሲቲው በአባት ስም፣ ባንኩ በአያት ስም ቢመዘግብዎ በኋላ ማስተካከሉ አድካሚ ነው። በየቢሮው አብሮዎ የሚሄደው ባዲ ይህን ካወቀ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እንዲጻፍ ይረዳል። ቤት በግል የሚከራዩ ከሆነም ቅድሚያ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ክፍሉን በአካል ሄዶ እንዲያይልዎ ይለምኑት፤ ፎቶ ብቻ አሳይተው ብር ተቀብለው የሚሰወሩ ሰዎች በየትላልቁ ከተማ አሉ። ገንዘብ መበደርና ዋና ሰነድን አደራ ማስቀመጥ ግን ከባዲ ሥራ ውጭ ነው።

ጠያቂው፦ እጅግ አመሰግናለሁ። የተመደበልኝ ባዲ ለመልእክቴ መልስ ባይሰጠኝስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አንድ ሳምንት ጠብቀው በድጋሚ ይጻፉለት፤ ከዚያ ካለፈ በቀጥታ ለፕሮግራሙ አስተባባሪ የሚደርሱበትን ቀንና ሰዓት ጠቅሰው ምትክ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ። የመጀመሪያውን ባዲ መክሰስ አያስፈልግም፤ ቀኑ መጻፉ ብቻ አስተባባሪውን ያነቃዋል። ጥያቄውን ግን ከመነሳትዎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ያድርሱ፤ የሴሚስተሩ መግቢያ ሳምንት ከደረሰ በኋላ ነፃ የሆነ ነባር ተማሪ ማግኘት ለአስተባባሪውም ይቸግረዋል።