ለትንሽ የሸራ ጀልባ የትኛው ባትሪ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የአዘዞው
ጤና ይስጥልኝ። ጎርጎራ ላይ አምስት ሜትር የምትሆን የሸራ ጀልባ አለችኝ። ሞተሯ ትንሽ ናት፤ በገመድ ስለምትነሳ ባትሪ አትፈልግም። ባትሪው የሚያስፈልገኝ ለሦስት ባለ 5 ዋት አምፖሎች፣ ለሁለት ስልክና ከጀልባዋ ሆድ ውሃ ለሚያወጣ ፓምፕ ነው። ባለ 60 ዋት ሶላር አለኝ። አንዱ የመኪና ባትሪ ግዛ ይለኛል፤ ሌላው ደረቅ፣ ሌላው ሊቲየም። ምን ትሉኛላችሁ?

የፒያሳው ኤሌትሪሻን
ወንድሜ፣ የመኪናውን ተወው። እሱ የተሠራው ሞተሪኖ ለማዞር ነው። ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር ይሰጣል፣ ከዚያ ዲናሞው ወዲያው ይሞላዋል። ማታ ማታ አምፖል እያበራህ ብታራግፈው ቶሎ ይሞታል።

ከሁሉ በፊት ፍጆታህን አስላ። አምፖሎቹ ለ4 ሰዓት ቢበሩ 60 ዋት-ሰዓት (ዋቱ በሰዓቱ ሲባዛ) ነው። ለስልኮቹ 30 ያዝ። ፓምፑ 3 አምፔር እየሳበ ግማሽ ሰዓት ቢሠራ 18። ድምሩ 108፤ ለ12 ቮልት ስታካፍለው 9 አምፔር-ሰዓት ይሆናል፤ የባትሪ አቅም የሚጻፈው በዚህ ነው። ክረምት ላይ ፀሐይ ሁለት ቀን ብትጠፋ 18 ትፈልጋለህ። የእርሳስ ባትሪን (የመኪናውም ደረቁም እርሳስ ናቸው) ከግማሽ በታች ማውረድ ስለሚጎዳው ከ40 እስከ 50 አምፔር-ሰዓት ያለው ይበቃሃል። ሊቲየም እስከ 80 በመቶ ስለሚሰጥ 30ውም ያዘልቅሃል።

የቆላድባው መምህር
አሲዱ የሚፈስ ባትሪ ጀልባ ላይ አታስገባ፣ ልጄ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጀልባዋ ታዘነብላለች፤ አሲዱ እንጨቱንም ልብሱንም ይበላል። ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅንም በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አደጋ ነው። ኤጂኤም የሚባለው የእርሳስ ባትሪ አሲዱን በመስታወት ቃጫ ምንጣፍ አምቆ ስለሚይዝ አይፈስም። ግን ሱቅ ውስጥ "ደረቅ" የሚሉህ ሁሉ ኤጂኤም አይደለም። ብዙው የታሸገ የመኪና ባትሪ ነው። በላዩ ላይ "ዲፕ ሳይክል"፣ ማለትም ደጋግሞ በብዛት ለመራገፍ የተሠራ፣ የሚል ጽሑፍ ፈልግ።

የባሕር ዳሯ ጀልበኛ
እኔ ሊቲየም ነው የምመርጠው፤ በተለይ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን። የስልክ ባትሪ ዓይነቱን አይደለም፤ ይኼኛው በሙቀት ይበልጥ የተረጋጋ ነው። የ100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 30 ኪሎ ይጠጋል፣ ሊቲየሙ 12 ገደማ ነው። በትንሽ ጀልባ ላይ ክብደት ቀልድ አይደለም። የእርሳሱ ጥቂት መቶ ጊዜ ሲሞላና ሲራገፍ ያልቃል፤ ሊቲየሙ ከ2,000 በላይ ይሄዳል። መከላከያ ሰርኪዩት፣ ማለትም ቢኤምኤስ፣ ውስጡ እንዳለው ጠይቅ። አንድ ነገር ልብ በል፦ ቮልቱ ከሙሉ እስከ ባዶ ብዙም ስለማይወርድ በቴስተር ስንት እንደቀረው አታውቅም።

የአዘዞው
እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼም እርስዎም፣ እህቴም። የሶላሬ ኮንትሮለር፣ ማለትም የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ለእርሳስ ብቻ የተሠራ ነው፤ የባትሪ ዓይነት መቀየሪያ የለውም። ምን ላድርግ?

የፒያሳው ኤሌትሪሻን
እንግዲያው ምርጫው ኮንትሮለሩ ላይ ነው። ሊቲየም ከሆነ እስከ 14.4 ቮልት ሞልቶ የሚያቆም፣ የሊቲየም ምርጫ ያለው ግዛ። የእርሳሱ ኮንትሮለር አንዳንዱ "ማመጣጠኛ" በሚባል ከፍ ያለ አሞላል ከ15 ቮልት ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ ቢኤምኤሱ አሞላሉን ይቆርጠዋል። ባለው ኮንትሮለር መቀጠል ከፈለግክ 50 አምፔር-ሰዓት ኤጂኤም ግዛ። ጄል የሚባለውን፣ አሲዱ የረጋውን የእርሳስ ባትሪ፣ ግን አትግዛ፤ ከ14.1 ገደማ በላይ ከተሞላ ይጎዳል። የኔ ምክር፦ ዘንድሮ ገንዘብ ካጠረህ ኤጂኤም፣ ከቻልክ ሊቲየሙን ከነኮንትሮለሩ።

ኤጂኤሙን ከገዛህ፣ ሳይሞላም ሳይራገፍም ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በቴስተር ለካው። 12.8 ቮልት ገደማ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.3 ገደማ ከሆነ ግማሽ ነውና በዚያው ቀን ሙላው። እርሳስ ግማሽ ሆኖ ሲሰነብት ሰሌዳው ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገራል።

የቆላድባው መምህር
ፊውዙን ከፖዘቲቩ ጫፍ ከስንዝር ሳታርቅ አስገባ፣ መጠኑንም በሽቦው ውፍረት ምረጥ። ባትሪውን ዝቅ ብሎ ጀልባዋ መሐል ላይ በቀበቶ እሰረው፤ የፓምፑ ማብሪያ ግን መሪውን ይዘህ እጅህ የሚደርስበት ይሁን።