ክርክር፦ የጅማ ልጆች ክረምቱን በማጠናከሪያ ትምህርት ያሳልፉ ወይስ ገጠር ዘመድ ዘንድ ይሂዱ?

የክርክሩ መነሻ፣ ከሦስት ልጆች አባት፣ ቦሳ ቂጦ

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼ በሚማሩበት ትምህርት ቤት በተደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በሙሉ ሐምሌንና ነሐሴን በማጠናከሪያ ትምህርት እንዲያሳልፉ ሐሳብ ቀርቦ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። እኔ አልፈረምኩም። ምክንያቴን በስብሰባው ላይ በተሰጠኝ ሦስት ደቂቃ ልገልጸው ስላልቻልኩ፣ እዚህ ተረጋግቼ አቅርቤው የእናንተን አስተያየት ልጠይቅ።

ያደግኩት እዚሁ ጅማ ነው። ነገር ግን ሰኔ አልቆ ካርድ በተቀበልን ማግሥት እናቴ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና ቋጥራ ወደ ማና ወረዳ፣ አኮ እያልን ወደምንጠራት አያታችን ቤት ትሰደኝ ነበር። ከመንገዱ ወርጄ በቡናው ሥር ሳቋርጥ ዝናቡ ከያዘኝ የእንሰት ቅጠል ቆርጬ በራሴ ላይ እደፋለሁ፤ ጃንጥላ የሚባል ነገር አልነበረኝም፣ አላማረኝምም። ነሐሴ ላይ በቆሎው እሸት ሲይዝ ከአጎቴ ልጅ ጋር ማማ ላይ ወጥተን እንጠብቃለን። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ደግሞ ጃርትና የዱር አሳማ ይመጣሉ። እርሱ በወንጭፍ የወረወረው ድንጋይ የተነጣጠረበት ግንድ ላይ ሲያርፍ ይሰማል፤ የእኔ ግን የት እንደወደቀ እንኳ አይታወቅም ነበር። ከማማው ሥር ባለው ፍም ላይ፣ ልባሱን ወደ ኋላ መልሰን እጀታ እያደረግን እሸቱን ስናገላብጠው የተቃጠለው ጸጉሩ የሚሰጠው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ናፍቆቴን ለማውራት ብቻ አይደለም። እነዚያ ሳምንታት ሥራ ፈት ሆኜ ያሳለፍኳቸው አልነበሩም። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ እንድጠብቅ ታምኖብኛል፤ በመማሪያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ እምነት የጣለብኝ ሰው አላስታውስም። አፋን ኦሮሞንም አጥርቼ የተማርኩት ከአኮ ምድጃ ዳር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቢደመሩ 60 ቀን ናቸው። እነዚህን 60 ቀናት ከልጆቻችን ወስደን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ልናስቀምጣቸው የሚገባ አይመስለኝም።

ከአንዲት እናት፣ ሂርማታ

ወንድሜ፣ የጻፉትን ሳነብ የራሴን ልጅነት አስታወሱኝ፤ እኔም በየክረምቱ ወደ ሊሙ እሄድ ነበር። ሆኖም ፈርሜያለሁ፣ ደግሞም አልጸጸትም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ዓመት ቤታችን ውስጥ አንድ ተፈታኝ ነበረን። ውጤቱን በስልክ ካየ በኋላ ስልኩን ትራስ ሥር ከትቶ ሁለት ቀን ከክፍሉ አልወጣም። ታናሽ እኅቱ አሁን ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ክፍልፋይ አታውቅም፣ አንድ አንቀጽ አንብባ ምን እንደሚል ለመናገር ትቸገራለች። እኔና እርስዎ ተማሪ በነበርንበት ዘመን ክረምቱን ማማ ላይ ያሳለፈ ልጅ መስከረም ላይ ተመልሶ የጎደለውን ይሞላ ነበር። ዛሬ ግን ጉድለቱ ከክፍል ወደ ክፍል ተንከባሎ 12ኛ ክፍል ላይ ይወድቅብናል። በጣም የምወደው ትዝታ ቢሆንም፣ በልጄ ዕድል ላይ ላስይዘው አልችልም።

ከጡረታ የወጣ መምህር፣ ጅሬን

እኅቴ ያነሡት ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ጉድለቱን አውቀዋለሁ። ነገር ግን የክረምት ማጠናከሪያ የሚባለውን ከውስጥ ስላየሁት አንድ ነገር ልመስክር። ለብዙ ዓመታት ባስተማርኩባቸው ክረምቶች፣ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው የሚቀጥለውን ዓመት መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፎች ቀድሞ በመሸፈን ነበር። ክፍልፋይ የማያውቀው ልጅ ክፍልፋይን ሳያውቅ ወደ አልጀብራ ይሻገራል፤ መስከረም ላይም ያንኑ ምዕራፍ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይገባው ይሰማዋል። የሚያስፈልገው አምስትና ስድስት ሆነው ተቀምጠው የጎደላቸውን ለይቶ የሚሞላ ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ሁለት ወር አይፈጅም።

ሌላው፣ አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የሕፃኑን የማረፍ፣ የመጫወትና የመዝናናት መብት በግልጽ አስፍሯል። ይህን አንቀጽ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሲጠቅስ የሰማሁት ሰው የለም። ልጆቹም በዚያ ስብሰባ ላይ አልነበሩም።

ከጤና ባለሙያ፣ ጅማ

በአንዱም ወገን ሳልቆም አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቻችሁን የምትልኩ ከሆነ ስለ ወንዙ ንገሯቸው። በተበከለ ውኃ ውስጥ ሲዋኙ የቢልሃርዚያ ትል በቆዳ ሰንጥቆ ይገባል፤ ልጁ ግን ሆዱን ሲያመው ከርሞ እንኳ ከወንዙ ጋር አያይዘውም። ነሐሴ ላይ ደግሞ ላይኛው አገር በዘነበ ቁጥር ወንዙ ድንገት ይሞላልና የከተማ ልጅ ብቻውን እንዳይሻገር አደራ። ወደ ጊቤ ሸለቆ ዝቅ ወዳሉት ቀበሌዎች የሚሄዱ ልጆች ያለ አጎበር አይደሩ፤ ክረምቱ እየወጣ ሲሄድ ወባው ይበረታል። በጅማ ያደግን ሰዎች ይህን ሁሉ አልፈን ስለመጣን ልጆቹም ያልፋሉ ብለን እናስባለን፤ ያላለፉት እኩዮቻችን ግን ዛሬ እዚህ አይጽፉም።

ከአንድ ነጋዴ፣ የጎማ ወረዳ ተወላጅ

ይህን ክርክር ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳነብ ቆይቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። እኔ ማማው ላይ የነበርኩት ሌላው ልጅ ነኝ። የእርስዎ የአጎት ልጅ አይደለሁም፣ ግን እንደ እርሱ ያለ ነኝ።

የከተማ ዘመዶቻችን ሲመጡ ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ይህን ከልቤ እናገራለሁ። ይሁንና ክረምት ለእኛ የጨዋታ ወቅት አልነበረም። ቡና ያለው ገበሬ እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው ፍሬው ከቀላ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቡናው ዛፉ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ጎተራው ይራቆታል፣ የአምናው ገንዘብም አልቋል። እናቴ ለእንግዶቹ ልጆች ቡና የምታጣጣበትን ስኳር ለመግዛት ዛፍ ላይ ያለውን ቡና ለነጋዴ አስይዛ ስትበደር አይቻለሁ። እንግዶቹ ይህን አላወቁም፤ እንዲያውቁም አልፈለገችም፣ ነውር ነውና። ማማው ላይ እንግዳው ሲደክመው ወርዶ ይተኛል። እኔ ግን ባንቀላፋ በማግሥቱ የወደቀውን በቆሎ አባቴ እየቆጠረ ያሳየኝ ነበር።

ጳጉሜን ላይ እንግዶቹ ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ። የእኛም ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ይከፈት ነበር፤ ሆኖም ጥቅምትና ኅዳር የቡና ለቀማ ስለሆነ ከክፍሉ እኩሌታው ባዶ ይሆናል። አንድ ዓመት የአክስቴ ልጅ እኩሌታው የተጻፈበት የሒሳብ ደብተር ረስቶ ሄደ። የቀሩትን ገጾች ጻፍኩባቸው፤ ካለቁም በኋላ የእርሱን ሥራ እያነበብኩ መምህሩ ቀይ ያደረገበትን እያየሁ ተማርኩ። ከዚያ ሁሉ ክረምት ያተረፍኩት ትምህርት ያ ደብተር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የከተማው ልጅ የት ይክረም የሚል ብቻ ሆኖ መቅረቡ ያሳዝነኛል። ማጠናከሪያ ትምህርት ከተባለ፣ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለቀማ ላይ ከርሞ ሁለት ወር ያመለጠው ልጅ ነው። እርሱን በዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ የጠቀሰው አላገኘሁም።

ከአንዲት ነዋሪ፣ መንደራ

የምልክበት ዘመድ የሌለኝ ሰው ምን ላድርግ? አያቴ ዐረፈች፣ መሬቱ ለስድስት ወንድማማቾች ተከፋፈለ፣ ሁሉም ሸጠው ወጡ። ልጆቼን ብወስዳቸው የማሳያቸው የሌላ ሰው አጥር ነው። እኔ የማጠናከሪያ ትምህርቱን የምደግፈው አማራጭ ስለሌለኝ ነው እንጂ ስለምወደው አይደለም። አማራጩ እኮ ቀኑን ሙሉ ቤት ተዘግቶባቸው ቴሌቪዥን ማየት ነው።

መነሻውን ያቀረበው አባት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጎማው ወንድሜ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ መልስ መጻፍ አልቻልኩም። የአጎቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ነው የቀረው። ይህን ድሮም አውቃለሁ፤ ከማማው ጋር አያይዤው ግን አላውቅም። በወንጭፍ አነጣጥሮ መምታቱን እንደ ተሰጥዖ ነበር የማየው። ዛሬ ሳስበው፣ እኔ በዓመት ሁለት ወር የያዝኩትን ወንጭፍ እርሱ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ይዞታል፤ የእኔ እንግድነት ለእናቱ ምን ያህል ወጪ እንደነበርም አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ይህ ማለት ግን አቋሜን ለቅቄያለሁ ማለት አይደለም። ያ ክረምት ሰው አድርጎኛል፤ ልጆቼም የአኮን ምድጃ ባያገኙ እንኳ የአጎታቸውን ምድጃ እንዲያገኙ እፈልጋለሁ። የምለውጠው አካሄዱን ነው። የሂርማታዋ እኅቴና መምህሩ ያሉትን አጣምሬ፣ ትምህርቱ ሐምሌን ብቻ ይዞ፣ በፈቃደኝነት እንዲሆንና የጎደለውን ለይቶ በትናንሽ ቡድን እንዲሰጥ ማሻሻያ አቀርባለሁ። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥም ከገጠር ለሚመጡ የዘመድ ልጆች ያለ ክፍያ ሁለት ቦታ እንዲያዝ እጠይቃለሁ። ዘመድ የሌላችሁ ደግሞ፣ የመንደራዋ እኅቴን ጨምሮ፣ ነሐሴ ላይ ልጆቻችሁን ከእኔ ልጆች ጋር ለጥቂት ቀናት ብትልኩ የአጎቴ ልጅ ቅር አይለውም። ቀለባቸውን ይዘን እንሄዳለን፣ አጎበሩንም ጭምር።

ትናንት ማታ ደወልኩለት። ሴት ልጁ ሰባተኛ ክፍል ናት። ሐምሌን እኛ ቤት ሆና እንድትማር ስጠይቀው ለጊዜው ዝም አለ፤ ከዚያ «ከብቱን ማን ይጠብቃል ብዬ ነው እንጂ» አለኝ። እናቷን አማክሮ ነገ ይመልስልኛል።

ፊርማው እስከ ሐሙስ ስለሚሰበሰብ፣ ማሻሻያውን የምትደግፉ ወላጆች ከረቡዕ ማታ በፊት እዚሁ አሳውቁኝ።