የሰፈር ሰው ሳይሰማ ጤና ጣቢያ መታየት ይቻላል?

የጀሞ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 19 ዓመቴ ነው፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ነጭ ፈሳሽ አለኝ፣ በጣም ያሳክከኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ጤና ጣቢያው ከቤታችን አምስት ደቂቃ ነው። ግን ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴትዮ ከእናቴ ጋር አንድ እድር ናት። ባለፈው ለጉንፋን ሄጄ ቤት ሳልደርስ እናቴ ሰምታ ጠበቀችኝ። ጉንፋኑስ ይሁን፣ ይሄን ምን ብዬ ልንገራት? ከፋርማሲ የሆነ መድኃኒት ገዝቼ ብውጥ ይሻላል? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ሲስተር፦
የኔ እህት፣ ነርስ ነኝ። በአንድ ጤና ጣቢያ የወጣቶች ክፍል ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። እንዳንቺ ጨንቋት የምትመጣ ልጅ ሳላይ የማልፍበት ሳምንት የለም።

ፈሳሹ እንደ አይብ የረጋ፣ ሽታ የሌለውና የሚያሳክክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፈንገስ ነው። ከወንድ ጋር ተኝታ የማታውቅ ልጅንም ይይዛል። አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላም ይመጣል። ለዚህ ነው ፋርማሲውን ተይው የምልሽ። በግምት አንቲባዮቲክ ቢሰጡሽ ፈንገሱ ይብስብሻል። ቀለሙ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሄደ፣ ከሸተተ፣ ወይም ከእምብርት በታች ካመመሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሂጂ።

ክፍል ስትገቢ በሩ ይዘጋል። የወር አበባሽ መቼ እንደመጣ፣ ጓደኛ እንዳለሽ፣ ኮንዶም ትጠቀሙ እንደሆነ ትጠየቂያለሽ። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን መድኃኒቱ በመልስሽ ይለያያል። ለምሳሌ እርጉዝ ለሆነች ሴት የሚዋጠውን ፍሉኮናዞል አንሰጥም፣ በብልት በኩል የሚገባውን ክሎትሪማዞል እንጂ። ስለዚህ ለምታይሽ ሲስተር እውነቱን ንገሪያት።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ወሬ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከምርመራ ክፍል ሳይሆን ከካርድ ክፍልና ከወረፋ ነው። ስለዚህ ሌላ ክፍለ ከተማ ሂጂ። ጠዋት ወረፋው ስለሚበዛ ከሰዓት፣ 8 ሰዓት ገደማ ይሻላል። መስኮቱ ላይ «የወጣቶች ክፍል» ብቻ በይ፤ ሕመምሽን እዚያ ሰው መሀል ቆመሽ መዘርዘር የለብሽም። ቤተሰቦችሽ የጤና መድን ደብተር ካላቸው እሱን ይዘሽ አትሂጂ፣ በራስሽ ክፈዪ።

አቤል፦
ሲስተር ያለችው ልክ ነው። እኔ ወንድ ነኝ፣ አምና ኮንዶም ተቀዶብኝ እንዲሁ ፈርቼ ሁለት ቀን ቤት ቁጭ አልኩ። በኋላ ስሄድ ኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው አሉኝ። ለጥቂት ነው የደረስኩት። ለ28 ቀን ዋጥኩ፣ ደህና ነኝ። ማንም ቤታችን አልደወለም። እባካችሁ እንደኔ አትቆዩ።

ሃና ከመገናኛ፦
ቤተሰብ መምሪያንም አስቢው። በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ማህበር ነው፣ ለወጣቶች የተለየ አገልግሎት አለው። እኔ ክንዴ ላይ የሚቀበረውን የሦስት ዓመቱን የወሊድ መከላከያ ያስገባሁት እዚያ ነው። ያየችኝ ሲስተር በእናቴ ዕድሜ ናት፣ አንዴም ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ያን ቀን ከዚያ ስወጣ አልቅሻለሁ፣ ከእፎይታ ብዛት።

የጀሞ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ እንደ አይብ ያልሽው ነው፣ ሽታ የለውም። ሐሙስ ከሰዓት ክላስ የለኝም፣ ሜክሲኮ አካባቢ ያለውን እሞክራለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ የወር አበባዬ ረቡዕ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ልቆይ?

ሲስተር፦
አትቆዪ የኔ ቆንጆ። ከቻልሽ ነገውኑ ሂጂ። ከመጣብሽም ግን ሐሙስን አትሰርዢ፣ ንገሪያት ብቻ።