ሮኪ ማውንቴን ፓርክ፣ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ትራውት ማጥመድ፦ ጋይድ ልቅጠር ወይስ ብቻዬን ልሞክር?

የሐዋሳው ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። ያለሁት ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰኞ ሰኞ የያዘውን ዓሣ ፎቶ እያሳየ አስቀናኝና ኦገስት 10 ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ሄጄ ልሞክር አስቤያለሁ። ያደግኩት ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል ዳር ቆሮሶ በክርና በመንጠቆ ስንጎትት ነው የኖርነው፣ ስለዚህ ለዓሣ እንግዳ አይደለሁም። ይሄኛው፣ ትራውት የሚሉት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ፣ ግን ወንዙ ውስጥ ቆመህ ነው አሉ፣ እኔ ደግሞ ዋና አልችልም። ጋይዱ ለግማሽ ቀን የጠራብኝ ዋጋ ከሳምንት አስቤዛዬ ይበልጣል፣ ዓሣ ባትይዝም ብሩ አይመለስም። ያዋጣል? የያዝኩትንስ ቤት ወስጄ መጥበስ እችላለሁ? ሚስቴ ከአሁኑ ዳጣ ፈጭታለች 😂

ባለ ዘንጉ
ለአንድ ቀን ቅጠር፣ ከዚያ በኋላ ብቻህን ትሄዳለህ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ብሬን ቆጥቤ ብቻዬን ሄጄ ሦስት ሰዓት ሙሉ የወንዙን መሃል ስደበድብ ዋልኩ፣ አንድም አልነካልኝም። በሌላ ቀን ጋይድ ይዤ ስሄድ ሰውየው ገና ዘንጉን ሳይሰጠኝ ዳር ላይ አስቀምጦኝ አሥር ደቂቃ ውሃውን አስመለከተኝ። ሞሰብ የምታህል ድንጋይ አሳየኝና "ከኋላዋ ውሃው እንዴት ዝም እንዳለ አየህ?" አለኝ። ትራውት አፉን ወደ ላይኛው ውሃ አዙሮ እንደዚያ ዓይነት ቦታ ላይ ይቆማል፣ ጉልበቱን ሳይጨርስ ወንዙ የሚያመጣለትን እየጠበቀ። ስለዚህ አንተ ከታች፣ ከጅራቱ በኩል ነው የምትጠጋው። ዝንቧ (የውሸት ዝንብ ናት፣ ከላባና ከክር የተሠራች) ከአረፋው እኩል መንሳፈፍ አለባት። ክሩ ትንሽ ከጎተታት ዓሣው ነቅቶብሃል። ይሄን ዩትዩብ ላይ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ የገባኝ ግን እዚያ ነው።

ትልና ሊጥ እንዳትይዝ። ፓርኩ ውስጥ የሚፈቀደው ሰው ሠራሽ ዝንብና ሉር (ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ የውሸት ማታለያ) ብቻ ነው። 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ብቻ፣ እነሱም ይዘህ ልቀቅ ባልተባለባቸው ውሃዎች፣ ትል መጠቀም ይችላሉ። ከ16 ዓመት ጀምሮ የኮሎራዶ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የአንድ ቀንም አለ። ቤር ሌክ የሚባለው ሐይቅ ላይ ጨርሶ አይጠመድም። ጋይዱን ፓርኩ ውስጥ ለመሥራት ፈቃድ እንዳለው ጠይቀው። ዘንግ፣ ጫማና ዌደር (እስከ ደረት የሚደርስ ውሃ የማያስገባ ሱሪ) አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ይሰጡሃል። ቲፕም አስብ።

እናት ዴንቨር
ወንድሜ ስለ ዋናው እኔ ልንገርህ፣ እኔም አልችልም። ኦገስት ላይ ሞሬን ፓርክ (እዚያው ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ነው) ያለው ቢግ ቶምሰን ወንዝ ብዙ ቦታ ከጉልበት አያልፍም። ጁን ቢሆን አትግባ እልህ ነበር፣ በረዶው እየቀለጠ ወንዙ ይሞላል።

ግን ቀበቶ! ዌደሩ ላይ የወገብ ቀበቶ አለ። እኔ ምሳ ከበላሁ በኋላ አስጨነቀኝ ብዬ ላላ አደረግኩት፣ ጋይዱም አላየኝም። ከዚያ ፎቶ ልነሳ ዞር ስል ድንጋዩ አንሸራተተኝና ቁጭ! ውሃው በደረቴ ገብቶ እስከ እግር ጣቴ ወረደ። ቅዝቃዜው መርፌ ነው። ስቆም እያንዳንዱ እግሬ እንደ ሞላ ጀሪካን ከበደኝ፣ ሁለት ሰው ነው ጎትቶ ያወጣኝ። ጥልቅ ቦታ ቢሆን ኖሮ እንጃ። ስለዚህ ቀበቶህን ጥብቅ አድርግ፣ ለውሃው ጎንህን ስጠው፣ እግርህን ሳታነሳ እየጎተትክ ሂድ። ውሃው ከወሰደህ ለመቆም አትታገል፣ በጀርባህ ሆነህ እግርህን ወደ ታችኛው ውሃ አድርግ። እና በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ፣ የያዝከው ደግሞ ረጅም ዘንግ ነው።

የጎባው
እዚያ ድረስ ምን አስኬደህ፣ ባሌ ተራሮችም እኮ ትራውት አለ 😄 በ1960ዎቹ (በፈረንጅ) ከኬንያ አምጥተው ነው ወይብና ዳንካ ወንዝ ላይ የለቀቁት። ዲንሾ ያደጉ ልጆች ያለ ዌደር በባዶ እግራቸው ሲገቡ አይቻለሁ፣ ያንን ብርድ!

ባለ ዘንጉ
@የሐዋሳው ልጅ የመጥበሱን ነገር ረሳሁት። እንደ ዓሣው ዓይነትና እንደ ቦታው ነው። ግሪንባክ የሚባለውን የትራውት ዓይነት ከያዝክ የግድ ትለቃለህ፣ አገሬው ዓሣ እሱ ነው፣ ከ1994 ጀምሮ የኮሎራዶ መለያ ዓሣ ሆኗል። ወደ ጅራቱ የተጠጉ ትልልቅ ጥቁር ነጠብጣቦችና አገጩ ሥር ቀይ መስመር አለው። ብሩክና ብራውን ትራውት መጤ ናቸው፣ ይዘህ ልቀቅ ባልተባለበት ቦታ በተፈቀደው ቁጥርና መጠን ትወስዳለህ። የምትለቀውን በረጠበ እጅ ያዝ፣ የደረቀ እጅ ቆዳው ላይ ያለውን ልጋግ ይልጠዋል። የመንጠቆውን ምላስ (ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ ሹል) በፒንሳ ጨፍልቀው፣ በቀላሉ ይወጣል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ኦገስት 10 ፍልሰታ አይደለም እንዴ?

የሐዋሳው ልጅ
ኧረ ተዋረድኩ 🤦 ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳታስጀምሩብኝ፣ እናቴ ከሰማች አለቀልኝ። አሁን ደውዬ ወደ ኦገስት 23 አዞርኩት፣ በጠዋት፣ ከጋይድ ጋር። እህቴ፣ ቀበቶውን ሁለት ጊዜ አስራለሁ። ዳጣው ፍሪጅ ገብቷል።