ቲክ በቲሹ ካልቸር፦ ሚዲያው ይጠቁራል፣ ቡቃያው መስታወት ይመስላል

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቲክ የሚባለውን የጣውላ ዛፍ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ትንሽ ቁራጭ ጠርሙስ ውስጥ እያሳደግን እናራባለን። ከ15 ዓመት ዛፍ አናት ላይ አንጓ (ቅጠልና እምቡጥ የሚወጣበት የግንድ ክፍል) ያለው ቁራጭ እየወሰድን ኤምኤስ የሚባል የተክል ምግብ የያዘ ሚዲያ ላይ እናስቀምጣለን። በሊትር 30 ግራም ስኳር፣ 5.5 ግራም አጋር (ማርጊያው)፣ 2 ሚሊግራም ቢኤፒ (ቡቃያ የሚያበዛ ሆርሞን) አለው፤ ፒኤች (የአሲድነት መጠኑ) 5.8 ነው። ቁራጩ በገባ ማግስት ዙሪያው ይጠቁራል። የተረፈው ከሁለት ሦስት ሰብካልቸር (ወደ አዲስ ሚዲያ ማዛወር) በኋላ ቅጠሉ ይወፍርና ውሃ የቋጠረ ይመስላል፤ በመቆንጠጫ ሲይዙት ስብር ይላል። ሥር ያወጣውም ከጠርሙስ ሲወጣ ይጠወልጋል። የቱን ላስቀድም?

ቀንበጥ፦
ዛፉን አስቀድሙ። ካደገ ዛፍ አናት የተወሰደ ቀንበጥ ፌኖሉ (ሲቆረጥ የሚወጣውና ሚዲያውን የሚያጠቁረው ነገር) ብዙ ነው፣ ሥር የማውጣት አቅሙም ደካማ ነው። ቅርንጫፎቹን 40 ሳ.ሜ. ገደማ አድርጋችሁ ቁረጡና ጥላ ቤት ውስጥ እርጥብ አሸዋ ላይ አቁሟቸው። ውሃው አሸዋው ላይ ብቻ ይፍሰስ፣ ቅጠሉ አይርጠብ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከተኙት እምቡጦች ለጋ ቡቃያ ይወጣል፤ እሱን ውሰዱ። ዛፉን መቁረጥ ከተቻለ ደግሞ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ይበልጣል።

ቲክ ጸጉራም ስለሆነ አየር ይይዝና በረኪናው በደንብ አይደርሰውም። በ100 ሚሊሊትር ሁለት ጠብታ ትዊን 20 (በረኪናው ጸጉሩ ውስጥ እንዲገባ የሚረዳ እንደ ሳሙና ያለ ፈሳሽ) ጨምሩ። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ ከአራት እጅ ውሃ ጋር ብታቀጥኑት 1 በመቶ ይሆናል፤ እያወዛወዛችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ጀርም በሌለው ንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁና በረኪናው ያነጣውን ጫፍ በሁለቱም በኩል በአዲስ ምላጭ ቁረጡ። ፌኖሉን በብዛት የሚያፈሰው ያ የሞተ ጫፍ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል።

ከዚያ በሊትር 100 ሚሊግራም አስኮርቢክ አሲድና ያንኑ ያህል ሲትሪክ አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። አስኮርቢክ አሲዱ በሙቀት ስለሚበላሽ በማጣሪያ እንጂ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) አይጸዳም። የመጀመሪያውን ሳምንት ጨለማ ውስጥ አቆዩት፣ ሚዲያው በጠቆረ ቁጥርም ወዲያው ወደ አዲስ አዛውሩት።

አንጓ፦
ከሰል ብንጨምርስ? ጥቁረቱን ይመጥጣል ይባላል።

ቀንበጥ፦
ይመጥጣል፤ ግን ቢኤፒውንም አብሮ ይመጥጣል። ቡቃያ በምታበዙበት ሚዲያ ላይ አትጨምሩት። ለሥር ማውጫው ግን ይሆናል።

ላሚናር፦
መስታወት የመሰለው ነገር ምክንያቱ ከላይ የጻፋችሁት ላይ ነው። 2 ሚሊግራም ቢኤፒ ብዙ ነው፣ 5.5 ግራም አጋርም ሚዲያውን ውሃማ ያደርገዋል። ቢኤፒውን ወደ 0.5 አውርዱ፣ አጋሩን ወደ 7 አንሱ። በየመሐሉም አንድ ዙር ያለ ሆርሞን አሳርፉት። ክዳኑን በፓራፊልም (የሚለጠጥ ማሸጊያ) ጥርቅም አድርጋችሁ የምታሽጉ ከሆነ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ አየር የሚያስገባ ማጣሪያ ያለው ክዳን ይሻላል። ኤምኤስ አሞኒየም ይበዛበታል፤ ለዛፍ ተብሎ የተቀመረው ደብሊውፒኤም የሚባለው ሚዲያ አሞኒየሙ ከዚህ ያነሰ ስለሆነ ጎን ለጎን ሞክሩት። አንዴ መስታወት የሆነውን ግን አታስታምሙት፣ ጣሉት።

ከግርጌው ካለስ (ቅርጽ የሌለው የሴል እብጠት) ላይ የሚበቅለውንም አትውሰዱ፤ ከእናቱ የተለየ ዛፍ ሊወጣው ይችላል። ከአንጓው እምቡጥ የወጣውን ብቻ አራቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሳምንታት በኋላ ከቁራጩ ግርጌ ሚዲያው ውስጥ ወተት የመሰለ ጭጋግ ካያችሁ ባክቴሪያው ከግንዱ ውስጥ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በረኪናውን ማክረር አያጠፋውም። በሜርኩሪ ክሎራይድ እጠቡ የሚል ምክር ታገኛላችሁ፤ ለሠራተኛውም ለፍሳሹም መርዝ ነው፣ ተዉት።

ጥላ ቤት፦
ሥሩን ጠርሙስ ውስጥ ለምን ታወጣላችሁ? አጋር ውስጥ የበቀለ ሥር ጸጉር የለውም፤ አፈር ሲነካ ብዙም አይሠራም። ቅጠሉም ሰሙ ስስ ነው፣ ቀዳዳዎቹ በቅጡ አይዘጉም፤ የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

3 ሳ.ሜ. የደረሰውን ቡቃያ ቁረጡ፣ አጋሩን ለብ ባለ ውሃ እጠቡ፤ ስኳሩ ከቀረ ሻጋታ ይጠራል። ግርጌውን በሊትር 1 ግራም አይቢኤ (ሥር የሚያስወጣ ሆርሞን) ባለው ፈሳሽ ለጥቂት ሰከንድ ነክራችሁ እኩል በተቀላቀለ አሸዋና የኮኮናት ብናኝ ላይ ትከሉ። የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት ፕላስቲክ ሸፍናችሁ እርጥበቱን ከ90 በመቶ በላይ ጠብቁ፣ ጥላውም ወፈር ይበል። ከዚያ ፕላስቲኩን መጀመሪያ ማታ ማታ፣ ቀጥሎ ጠዋት፣ መጨረሻ ላይ ቀን ሙሉ ግለጡ። ቅጠሉ እርጥብ እያለ ግርጌው ከጠቆረ ውሃው በዝቷል ማለት ነው፤ ማዳበሪያም አዲስ ቅጠል ሳታዩ አትስጡ።