የዕቅድ ውይይት፦ «በጣም ካላስፈለገ በቀር» የምትለውን ሐረግ ምን እናድርጋት?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በእንስሳት ላይ ስለሚደረግ ሙከራ ያዘጋጀነው ሁለተኛው ረቂቅ ይኸው። ለመዋቢያ ሲባል እንስሳ ላይ መሞከር ይቁም በሚለው ሁላችንም ተስማምተናል። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ተሞክረው የመጡ መዋቢያዎች እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ2013 ከልክሏል፤ ሻምፑ ግን ከመደርደሪያ አልጠፋም። የቀረን የመድኃኒቱ ነው። ረቂቁ «በጣም ካላስፈለገ በቀር እንስሳ ላይ አይሞከር» ይላል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ይቺ ሐረግ አልተዋጠችልኝም። «የእኔ ሙከራ እንኳ ባይደረግ ይቀራል» ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሳይንቲስቶቹ ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 የጻፏቸውን ሦስት ነገሮች እንጠይቅ። በሌላ ዘዴ መተካት አይቻልም ወይ? ቁጥሩስ አይቀነስም? ስቃዩስ አይቀልም? ሦስቱንም በጽሑፍ ያልመለሰ ፈቃድ አያግኝ።

አባል፦ እኔ በየቀኑ ኢንሱሊን የምወጋ ሰው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ የተሞከረባቸው ውሾች ባይኖሩ እኔም ዛሬ አልኖርም ነበር። ይህን እያወቅሁ «ሁሉም ይቁም» ብዬ ብፈርም ውሸታም ነኝ። ግን ደግሞ ድሮ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ የነበረው ኢንሱሊን ዛሬ በባክቴሪያና በእርሾ ነው የሚመረተው። ትናንት የግድ የነበረው ዛሬ የግድ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ፈቃዱ ቀነ ገደብ ይኑረው። ሲያልቅ እንደ አዲስ ይጠየቅ።

የእንስሳት ሐኪም፦ በቀነ ገደቡ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ጥንቸል ዓይን ውስጥ ኬሚካል ጠብ እየተደረገ፣ መቅላቱና ማበጡ በነጥብ ሲመዘገብ ኖሯል። አሁን ከሰው ሕዋስ የሚሠራ የኮርኒያ (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ንጣፍ አለ፤ ለብዙ ኬሚካሎች ይበቃል። የድሮው ፎርም ላይ ግን ጥንቸሏ አሁንም «አስፈላጊ» ናት።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ልክ ነዎት ዶክተር። ስቃይን ማቅለል ስንል ደግሞ ማደንዘዣ ብቻ አይምሰላችሁ። አይጥ በጅራቷ አንጠልጥላችሁ ስታነሷት ትፈራለች፤ በሚቀጥለው ቀን እጃችሁን ስታይ ጥግ ትይዛለች። ትንሽ ቱቦ አቅርቡላት፣ ራሷ ትገባለች፣ ከነቱቦው ታነሷታላችሁ። ወጪው ምንም ነው። የፈራች አይጥ ደግሞ ውጤትም ታዛባለች።

አባል፦ ያልተሳካ ሙከራም ይታተም። አንዱ ደብቆት ሌላው እዚያው ላይ እንስሳ ሲጨርስ ያሳዝናል።

ጸሐፊ፦ ጥሩ። ሐረጓን ሰረዝኳት። ሦስቱ ጥያቄዎች፣ የሁለት ዓመት ቀነ ገደብና የሕትመት ግዴታው ገብተዋል። ቱቦዋንም በአባሪ አስገብቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ስንት እንስሳት «ተወገዱ» ልበል?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ እኛ ጋ የምንለው እንደዚያ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦ ዕቃ ነው የሚወገደው።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው «ተገደሉ» ብዬ ጽፌዋለሁ። የሚቃወም ካለ እስከ ዓርብ ያሳውቀኝ።