አራስ እህቴን ሆስፒታል ልወስዳት ነው፤ ሕፃኑስ?

ልደታ ኮንዶሚኒየም ነን። እህቴ ከወለደች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። እንቅልፍ ከዓይኗ ጠፍቷል። ሌሊቱን ከግድግዳው ጋር ታወራለች። ልጁን «ለውጠውብኛል፣ የኔ አይደለም» እያለች ፊቱን በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። እሷ እኮ ዝምተኛ ነበረች፤ አሁን አፏ አያርፍም። እናታችን ጠበል ወሰደቻት። ጠበሉን አልቃወምም፣ ግን ብሶባታል። የሰፈር ክሊኒክ ደግሞ «ድካም ነው» ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ መለሰን። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ (ሰውን ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) አጣዳፊ እንደሆነ፣ በሕክምናም እንደሚድን አንብቤአለሁ። ከልጁ ጋር ብቻዋን አንተዋትም፤ ተራ ገብተን እናድራለን። ዛሬውኑ አማኑኤል ሆስፒታል ልወስዳት ነው። እናቴ ግን «ጨቅላው ከጡት ሊነጠል ነው» ብላ እያለቀሰች ነው። አራስ ይዛችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ እናትየዋን ሲያስተኙ ሕፃኑን አብሮ ያስገባሉ ወይስ ቤት ይቀራል?